ፈር የለቀቀ ቃል

በስዊድን፣ በኖርዌይና በዴንማርክ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ሁሉ በሥራ ቦታ፣ በአውቶቡስ ውስጥ ወይም ከገዛ ልጆቹ አፍ ሳይሰማት የማይቀር አንዲት ትንሽ ቃል አለች። ስዊድኖችና ዴንማርኮች «ዲሌ» ይሏታል፤ ኖርዌጆች ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ «ዲላ»። አንድ ጎረምሳ ከኳስ ሜዳ አልወጣ ሲል «የኳስ ዲሌ ይዞታል» ይባላል። አንዲት ወይዘሮ ቤቷን በአበባ ማሰሮ ስትሞላ ባሏ «ደግሞ የአበባ ዲሌ ያዛት» እያለ ለጎረቤት ያወራል። ተናጋሪውም ሰሚውም ፈገግ ይላሉ እንጂ የሚቀየም የለም። ኖርዌጆች ሲጠሯት ለእኛ ጆሮ የጌዴኦዋን ከተማ ዲላን ታስታውሳለች፤ ይህ ግን የድምፅ መገጣጠም ብቻ ነው። የቃሏ ትውልድ ከሮም ነው፤ የመጀመሪያ ስሟም የጨዋታ ስም አልነበረም። «ዴሊሪዩም» ትባል ነበር፤ ትርጉሟም የአእምሮ መቃወስ ነው።

እኔ በስዊድን ከሃያ ዓመት በላይ ስኖር አብዛኛውን ጊዜዬን ያሳለፍሁት በሆስፒታሎችና በጤና ጣቢያዎች በአስተርጓሚነት ነው። የአስተርጓሚ እንጀራው ቃል ነውና፣ አንድ ቃል ከየት ተነሥቶ፣ በማን አፍ አልፎ፣ ምን ተሸክሞ እንደ መጣ መጠየቅ ልማድ ይሆንበታል። ይህችን ቃል ግን የመረመርኋት ለልማድ ብቻ አይደለም። በዚህ አገር ሆስፒታሎች ውስጥ በዕድሜ የገፉ ወገኖቻችን ሲታመሙ፣ በአማርኛ የምንጠራበት ስም ስላጣንለት ብቻ ለትልቅ ኀፍረትና ለትልቅ ጉዳት የምንዳረግበት አንድ ሕመም አለ። የዲሌ ታሪክ የዚያ ሕመም ታሪክ ነው። ከዚህ በታች የማወሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰሉ መሆናቸውን አንባቢ እንዲረዳልኝ እለምናለሁ።

ነገሩ የሚጀምረው ከእርሻ ነው። በጥንታዊው የሮማውያን ቋንቋ «ሊራ» ማለት ማረሻ ሲያልፍ የሚተወው ፈር፣ ወይም በሁለት ፈር መካከል የሚቆለለው አፈር ነው። «ዴ» የሚለው ቅጥያ መውጣትን፣ መራቅን ያመለክታል። ሁለቱ ሲጋጠሙ «ዴሊራሬ» የሚል ግሥ ይወጣል፤ ፈር መልቀቅ ማለት ነው። በሬው ወይም አራሹ ከቀናው መስመር ሲወጣ የሚሆነውን ሮማውያን ለሰው አእምሮ ምሳሌ አደረጉት። ሽማግሌው ፕሊኒ፣ በ79 ዓ.ም. የቬሱቪየስ እሳተ ገሞራ በፈነዳ ጊዜ የሞተው ጸሐፊ፣ «የተፈጥሮ ታሪክ» በተባለው ሥራው 18ኛ መጽሐፍ ስለ እርሻ ሲያትት የዚህን ዓይነት ቃላት ሥር ይነካል። ጎንበስ ብሎ የማያርስ ገበሬ ፈሩን ያጣምማል ይልና፣ ይህንኑ የሚገልጸው ቃል ወደ ፍርድ አደባባይ ተወስዶ ከተቃራኒ ወገን ጋር በስውር ለሚመሳጠር ጠበቃ መጠሪያ እንደ ሆነ ይጠቅሳል። እንደዚሁም ዘር ከተዘራ በኋላ አፈር ማልበስ ከ«ሊራ» የወጣ ስም እንደ ነበረው፣ ዘሩ ሳይሸፈን ሲቀርም «ዴሊራቲዮ» መባሉ የቃሉ የመጀመሪያ አገባብ እንደ ነበር ይነግረናል። ፈር መልቀቅም ሆነ ዘርን ሳያለብሱ መተው፣ ሁለቱም ከአንድ ማሳ የተወሰዱ ናቸው።

ለአማርኛ ተናጋሪ ይህ ማብራሪያ እንግዳ አይሆንበትም። እኛም «ነገሩ ፈር ለቀቀ» እንላለን። ሥራ መልክ ሲይዝ «ፈር ያዘ» ይባላል፤ ለሌሎች መንገድ የከፈተ ሰው «ፈር ቀዳጅ» ነው። የማረሻው መስመር ሌላው ስሙ «ትልም» ዛሬ ዕቅድን፣ የታሰበ ዓላማን ጭምር የሚገልጽ ቃል ሆኗል። ወደ ግእዙ ዘልቀን ብንመለከትም «አእምሮውን ሳተ» ስንል የምንጠቀምበት ግሥ «ስሕተት» ከሚለው ስም ጋር አንድ ሥር ነው፤ መንገድ የሳተና አእምሮ የሳተ በአንድ ቃል ይጠራሉ። ሁለቱ ሕዝቦች እርስ በርስ ሳይቀዱ አንድ ሐሳብ ላይ መድረሳቸው የሚያስገርም አይደለም። ሁለቱም በበሬ ያርሱ ነበር፤ ሁለቱም የቀና ፈር ማለት የሰው ልቡና ከእጁና ከዓይኑ ጋር ሲተባበር የሚታይ ምልክት መሆኑን ያውቁ ነበር።

የሮማውያን ቋንቋ ለአእምሮ መታወክ አንድ ስም ብቻ አልነበረውም። ይህን ነጥብ አንባቢ ልብ እንዲለው እፈልጋለሁ፤ ኋላ እመለስበታለሁና። «ኢንሳኒያ» ነበረ፤ ጤና ማጣት ማለት ነው። «ዴሜንቲያ» ነበረ፤ ከልቡና መራቅ። «ፉሮር» ነበረ፤ ሰውን የሚያስቆጣና የሚያሳውር ኃይለኛ እብደት። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ450 ገደማ የወጡት የሮም 12ቱ ሰሌዳ ሕጎች ንብረቱን ማስተዳደር ስለማይችል እብድ ሲደነግጉ የጠሩት ከ«ፉሮር» በወጣው ስም ነው። ኪኬሮ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ45 በጻፈው የፍልስፍና ክርክር ይህንኑ አንሥቶ፣ ሕጉ «ኢንሳኒያ» ያልተጠቀመበት ምክንያት አለው ይላል፤ «ፉሮር» ጠቢብን እንኳ ሊያገኘው የሚችል አደጋ ሲሆን፣ «ኢንሳኒያ» ግን ጥበብ የጎደለው ልቡና ሁሉ የሚኖርበት ሁኔታ ነው ባይ ነው።

ከእነዚህ መካከል «ዴሊራሬ» ቀለል ያለው ነበር። በቴያትር መድረክ ላይ ለሚዘባርቅ ሽማግሌ የሚሰጥ የፌዝ ስም ሆኖ ኖሯል። ኪኬሮ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ44 ስለ እርጅና በጻፈው መጽሐፍ በሽማግሌው ካቶ አፍ ይህን ፌዝ ይቃወማል፤ «ዴሊራቲዮ» የሚባለው የእርጅና ጅልነት የቀላል ሽማግሌዎች እንጂ የሽማግሌዎች ሁሉ ዕጣ እንዳልሆነ ያስረዳል። እንግዲህ ቃሉ ገና በጠዋቱ ከአረጋውያን ጋር ተቆራኝቶ፣ ገና በጠዋቱም ስለ ክብራቸው ሙግት ተነሥቶበት እንደ ነበር እናያለን። በ1ኛው ክፍለ ዘመን ዓ.ም. ኬልሱስ የሕክምና መጽሐፉን ሲጽፍ «ዴሊሪዩም» የሐኪሞች ቃል ሆነ፤ በትኩሳትና በሌላም የሰውነት ሕመም ምክንያት ለሚመጣ የአእምሮ መቃወስ ተሰጠ። ከማሳ ወደ መድረክ፣ ከመድረክ ወደ ሕሙማን አልጋ፤ ይህ የመጀመሪያው ጉዞ ነው።

ወደ ሰሜን ያሻገረው ትምህርት ነው። የኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ በ1477፣ የኮፐንሃገን ዩኒቨርሲቲ በ1479 ሲቋቋሙ የማስተማሪያው ቋንቋ ላቲን ነበር። ሐኪሞች ከዚያ በኋላ ለብዙ ዘመን የበሽታን ስም በላቲን ይጽፉ ስለ ነበር፣ «ዴሊሪዩም» በተማሩት ዘንድ ኖረ፤ የስዊድን ወይም የኖርዌይ ገበሬ ግን ስለ እርሱ የሚያውቀው ነገር አልነበረም። ገበሬውና ቃሉ የተገናኙት በአረቄ በኩል ነው።

የሰሜን ሰዎች አረቄያቸውን «የተቃጠለ ወይን» የሚል ፍች ባለው ስም ይጠሩታል፤ ሲሠሩት የኖሩት ግን ከእህል ነው። በ1746 ኤቫ ኤኬብላድ የተባለች ስዊድናዊት መኳንንት ከድንች ዱቄትና አረቄ ማውጣት እንደሚቻል አሳየች፤ በ1748ም የስዊድን ንጉሣዊ የሳይንስ አካዳሚ አባል ለመሆን የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። እህል የሚድንበት ዘዴ ነው ተብሎ የተመሰገነው ግኝት፣ ድንች በብዛት መተከል ከጀመረ በኋላ ለአረቄ መብዛት ዋና ምክንያት ሆነ። በ1775 ንጉሥ ጉስታቭ 3ኛ አረቄ ማውጣትን የዘውዱ ብቻ ለማድረግ ሞክሮ ነበር፤ የሕዝቡ ተቃውሞ ግን አላስቆመለትም። ኖርዌይም በ1816 ሕግ ገበሬው ከእርሻው ምርት አረቄ እንዲያወጣ ፈቀደች። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በእነዚህ አገሮች አረቄ የቀን ሠራተኛ ደመወዝ አካል፣ የቁርስ ማወራረጃ፣ የለቅሶና የሠርግ መስተንግዶ ነበር። ከቀናው ፈር የተሰበሰበው እህል ሰውን ፈር የሚያስለቅቅ ሆኖ ተመለሰ።

በ1813 ቶማስ ሱተን የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም አንድ ትንሽ መጽሐፍ አሳተመ። ኃይለኛ ጠጪዎችን የሚይዝ፣ ከአንጎል ትኩሳት የተለየ በሽታ መኖሩን አስረዳና «ዴሊሪዩም ትሬመንስ» ሲል ሰየመው፤ የሚያንቀጠቅጥ መቃዠት ማለት ነው። ከዚያ በፊት ሐኪሞች እንዲህ ያለውን ሕመምተኛ የአንጎል ትኩሳት ያዘው ብለው ደሙን ያፈሱት ነበር፤ ሱተን ግን ደም ማፍሰሱን ትተው በኦፒየም እንቅልፍ እንዲሰጡት መከረ። የስሙ መለየት የሕክምናውም መለየት ነበር። ዛሬ እንደምናውቀው ይህ ሕመም ለረጅም ጊዜ አብዝቶ የጠጣ ሰው ድንገት ሲያቆም፣ ብዙውን ጊዜ ከሁለት እስከ አራት ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ይነሣል። እጅ ይንቀጠቀጣል፤ ላብ ያጠምቃል፤ ልብ ይመታል፤ ሕመምተኛው በግድግዳው ላይ የሌለ ነፍሳትና አውሬ ያያል፤ ቀኑንና ቦታውን ያጣል። መድኃኒቱ ባልታወቀበት ዘመን ብዙዎችን ገድሏል።

ይህን በሽታ በዓይኑ እያየ የኖረ አንድ የስቶክሆልም ሐኪም ደግሞ ለዓለም ሁሉ የተረፈ ሌላ ቃል ሰጠ። ማግኑስ ሁስ በሴራፊመር ሆስፒታል ይሠራ ነበር። በ1849 ማሳተም በጀመረው መጽሐፍ መጠጥ በጉበት፣ በነርቭና በአእምሮ ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ሁሉ በአንድ ላይ ሰብስቦ «አልኮሆሊስሙስ» ብሎ ጠራው። እስከዚያ ድረስ ሰካራም በብዙዎች ዓይን ኃጢአተኛ ወይም ሰነፍ እንጂ ታማሚ አልነበረም። በዚያው ዘመን ገደማ፣ በ1848፣ ኖርዌይ በሐኪሙ በሄርማን ቬደል ማዮር ትጋት የተዘጋጀውን የአእምሮ ሕሙማን ሕግ አወጣች፤ በ1855ም የጋውስታ ሆስፒታል በዋና ከተማዋ ዳርቻ ተከፈተ። በዴንማርክ የቅዱስ ሐንስ ሆስፒታል ከ1816 ጀምሮ በሮስኪልደ አጠገብ ነበር። የአእምሮ ሕመም ከእስር ቤትና ከድሆች ማደሪያ ወጥቶ በሐኪም እጅ የገባበት ዘመን ነው ማለት ይቻላል።

ሐኪሞች የሰጡት ስም ግን ለጠጪ አፍ ረዘመ። መጠጥ ቤት ውስጥ «ዴሊሪዩም ትሬመንስ» የሚል ማን ነው? ሕዝቡ ጅራቱን ቆረጠው፤ ራሱንም አሳጠረውና «ዲሌ» አለው። የዛሬ የዴንማርክና የኖርዌይ መዝገበ ቃላት ሁለቱንም ትርጉም ጎን ለጎን ያስቀምጣሉ፤ አንዱ የሰካራሙ መቃዠት፣ ሌላው ሰው ለአንድ ነገር ያለው ከልክ ያለፈ ፍቅር። ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው እንዴት እንደ ተሸጋገረ ማሰብ አያስቸግርም። «ዲሌ ያዘው» ማለት ሌላው የማያየውን የሚያይ፣ እጁ የማያርፍ፣ ወሬው ሁሉ ስለ አንድ ነገር የሆነ ሰው ማለት ነው። ኳስ ወይም አሳ ማጥመድ የያዘው ጎረቤት ከዚህ በምን ይለያል? እያለ ተረበኛው አነጻጸረ፤ ንጽጽሩም ተወደደለት።

ቃሉ ከበሽታው ሙሉ በሙሉ እንዲላቀቅ ግን ሌላ ነገር ረድቶታል ብዬ አምናለሁ፤ ይኸውም በሽታው ራሱ ከዓይን መራቁ ነው። ስዊድን በ1855 ሕግ የቤት አረቄን አስቀረች። ከ1910ዎቹ አንሥቶ እስከ 1955 ድረስ እያንዳንዱ ገዥ የተፈቀደለትን ልክ በሚመዘግብ ደብተር ብቻ መጠጥ ይሸምት ነበር፤ በ1922 በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ መጠጥ ፈጽሞ ይከልከል የሚለው ወገን በጥቂት ድምፅ ተሸነፈ። ኖርዌይ በ1919 ሕዝበ ውሳኔ አረቄን ከልክላ በ1926 በሌላ ሕዝበ ውሳኔ ክልከላውን ሻረች። ዴንማርክ አልከለከለችም፤ ነገር ግን በ1917 በዓለም ጦርነት ምክንያት እህል ሲያጥር በአረቄ ላይ ከባድ ቀረጥ ጣለች። አንድ ክሮነር ገደማ የነበረው ጠርሙስ ወደ አሥራ አንድ ክሮነር ገደማ ወጣ፤ በሆስፒታሎችም የሚያንቀጠቅጠው መቃዠት በአጭር ጊዜ ውስጥ እጅግ ቀነሰ። አያቱን በዲሌ ሲሞት ያየ ሰው በቃሉ ለመቀለድ ይከብደዋል። የልጅ ልጁ ግን በሽታውን ስላላየው ቃሉን ለጨዋታ አዋለው።

ሌሎቹ የሮማ ቃላትስ ወዴት ሄዱ? «ፉሮር» በጣልያንኛ በኩል አልፎ የመድረክ ቃል ሆነ፤ ዛሬ በስካንዲናቪያ አንድ ዘፋኝ «ፉሮር አደረገ» ቢባል ሕዝቡን በደስታ አሳበደ ማለት ነው። «ዴሜንቲያ» ግን «ዴሜንስ» ሆኖ ከሆስፒታል አልወጣም፤ የመርሳት በሽታ ስም ሆኖ ቀረ፤ ማንም አይቀልድበትም። የማረሻው መስመር «ሊራ» ራሱም በሰሜን ዘመዶች አሉት። ሊቃውንት እንደሚያስረዱት፣ ፈርንና ዱካን ከሚያመለክተው ያው ጥንታዊ ሥር የጀርመንኛው የባቡር ሐዲድ መጠሪያ፣ ስዊድናዊው ጫማ ሰፊ ጫማውን የሚያበጅበት እንጨት «ሌስት»፣ እንዲሁም መማርና ማስተማርን የሚገልጸው «ሌራ» ወጥተዋል። መማር ዱካ መከተል ነው፤ መቃዠት ዱካ መልቀቅ። ሁለቱ ቃላት የአንድ አያት ልጆች መሆናቸውን ከስዊድኖች ውስጥ የሚያውቀው ጥቂቱ ነው።

ወደ እኛ ልመለስ። አማርኛም የእብደትን ቃል ለጨዋታ ማዋል አልተሳነውም። «በኳስ አብዷል» እንላለን። የአዲስ አበባ ወጣት «ያበደ መኪና» ሲል እጅግ ያማረ ማለቱ ነው። የአማኑኤል ሆስፒታል ስምም ከሕክምና ቤትነቱ አልፎ የተረብ መሣሪያ ሆኖ ኖሯል። በስደት ላይ ባለው የፖለቲካ መድረካችንማ ተቃራኒን «አበደ» ማለት ክርክሩን የመዝጊያ አቋራጭ ሆኗል። በዚህ ከማንም አንለይም። የምንለየው በሌላ ነው። ሮማውያን አራት ስም ነበራቸው፤ ስካንዲናቪያውያን ከእነርሱ ወስደው፣ ከራሳቸው ጨምረው ይለያሉ። እኛም ቃላት አላጣንም። መቃዠት አለን፤ መዘባረቅ አለን፤ መጃጀት አለን፤ ወፈፍ ማለት፣ መቀወስ፣ አቅል መሳት አለን። ነገር ግን አንድ አረጋዊ ታመው ባልተለመደ ሁኔታ መናገር ሲጀምሩ እነዚህን ሁሉ ትተን የምንይዘው አንዱን ነው፤ አበዱ እንላለን። ያን ካልን በኋላ የሚቀረን ኀፍረትና ዝምታ ብቻ ነው።

ይህን የምለው ካየሁት ተነሥቼ ነው። የሕሙማንን ምሥጢር መጠበቅ ግዴታዬ ስለሆነ ማንነትን የሚገልጥ ነገር አላነሣም። አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት በረዶ አዳልጧቸው ወድቀው የዳሌ አጥንታቸው ተሰብሮ ቀዶ ጥገና ተደርጎላቸው ነበር። በማግሥቱ ሌሊት የተሰካላቸውን ቱቦ ነቅለው ከአልጋቸው ሊወርዱ ታገሉ። እኔ በተጠራሁ ጊዜ ክፍሉን የራሳቸው ጓዳ አድርገውት እንግዳ መጥቶ ሊጡ አለመቡካቱን እየተናገሩ ይቆጡ ነበር። ልጃቸው ወደ ኮሪደሩ ሳበችኝና «ጋሼ፣ እባክህን ይህን እንዳለ አትንገራቸው፤ እብድ ናት ብለው ይጽፉባታል» አለችኝ። አስተርጓሚ የሰማውን ሁሉ መናገር አለበትና ተናገርሁ። ነርሷም ሰምታ ስታበቃ የጠየቀችው አንድ ነገር ነበር፤ «ከመቼ ጀምሮ ነው?» ልጅቱ «እማዬ እኮ ትናንት ጠዋት ፍጹም ደህና ነበረች» አለች። ሐኪሙ ሲመጣ «ዴሊሪዩም» የሚለውን ቃል ተናገረ፤ ወደ አማርኛ እንድመልሰውም ጠበቀኝ። «መቃዠት ነው፤ እብደት አይደለም፤ የሚያልፍ ነው» አልኋት። ሦስት ሐረግ አስፈለገኝ፤ ለዚያ የሚበቃ አንድ የታወቀ ስም የለንማ።

ከዚያ በኋላ የተደረገው ተአምር አልነበረም። ሽንታቸው ተመረመረ፤ መድኃኒታቸው ተቀነሰ፤ ሕመማቸው ታገሠ፤ ውኃ ጠጡ፤ መነጽራቸው ተመለሰላቸው፤ ልጃቸው አጠገባቸው ተቀምጣ በሚያውቁት ቋንቋ ቀኑንና ቦታውን እየደጋገመች ነገረቻቸው። ከጥቂት ቀን በኋላ ያለቁበትን ሌሊት ከፊሉን ረስተው፣ የቀረውን በኀፍረት እያስታወሱ ወደ ራሳቸው ተመለሱ።

ዛሬ የሕክምና ሳይንስ «ዴሊሪዩም» የሚለውን ቃል ከሰካራሙ አልጋ አስፍቶ፣ በ1980 በወጣው የአሜሪካ የአእምሮ ሕክምና ማኅበር የምርመራ መመሪያ ለድንገተኛ መቃወስ ሁሉ የጋራ ስም አድርጎታል። ኬልሱስ ወደ ነበረበት ትርጉም ተመለሰ ማለት ይቻላል። በሰሜን ስዊድን በኡሜዮ በተደረገና በ1988 በታተመ ጥናት የዳሌ አጥንታቸው ተሰብሮ ቀዶ ጥገና ካደረጉ አረጋውያን መካከል ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እንዲህ ያለ መቃወስ ደርሶባቸዋል። ኢንፌክሽን፣ የውኃ ማነስ፣ የመድኃኒት ብዛት፣ ሕመም፣ እንቅልፍ ማጣት፣ የሽንት መታገድ፤ እያንዳንዱ ምክንያት ሊሆን ይችላል፤ እያንዳንዱም ሊታከም ይችላል። ሳይታወቅ ከቆየ ግን ከሥሩ ያለው በሽታ ይገድላል። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ሕመምተኛው አይጮኽም፤ ዝም ብሎ ይተኛል፤ ቤተሰቡም «እርጅና ነው፤ ደከሙ» ብሎ ይተወዋል። ይህኛው ከሚጮኸው ይልቅ ሳይታይ ያልፋል።

በስደት ላይ ያለ አረጋዊ ደግሞ ሌላ አደጋ አለበት። በመቃወስ ጊዜ ዘግይቶ የተማረው ቋንቋ ቀድሞ ይከዳዋል፤ የሚናገረው የልጅነቱን ቋንቋ ነው። ነርሷ የማትረዳውን ንግግር የተስተካከለ ይሁን የተዘበራረቀ መለየት አትችልም። የሚለየው ቤተሰቡ ነው። ቤተሰቡ ደግሞ ስም እንዳይወጣበት ፈርቶ ከደበቀ፣ ወይም ሰይጣን ነው ብሎ ጠበል እስኪደርስ ከጠበቀ፣ የሚያውቀው ብቸኛ ምስክር ዝም አለ ማለት ነው። ጠበሉን አልነቅፍም፤ ሐኪሙ እስኪያይ ያለውን ጊዜ ብቻ እንዳይወስድ እፈራለሁ።

በእነዚህ አገሮች ከ1970ዎቹና ከ1980ዎቹ ጀምሮ የገባው የእኛ ትውልድ አርጅቷል። ወላጆቹን ያመጣውም ወላጆቹን በሆስፒታል እያስታመመ ነው። የቃል ታሪክ ማጥናት የሥራ ፈት ጨዋታ የሚመስለው ቢኖር ይህን ያስብ። ሱተን ሁለት በሽታዎችን በስም ስለለየ ደማቸው ሊፈስ የነበሩ ሰዎች ተርፈዋል። ሁስ ስም ስለሰጠ ሰካራሙ ከወንጀለኛ መዝገብ ወደ ሕሙማን መዝገብ ተዛውሯል። እኛም ቃል መፍጠር አያስፈልገንም፤ ያለንን በየቦታው ማዋል ብቻ ነው። ድንገት የመጣውንና የሚያልፈውን መቃዠት እንበለው፤ ቀስ በቀስ የመጣውን የመርሳት በሽታ እንበለው፤ እብደት የሚለውን ለሁለቱም አንስጥ። የሁለቱ መለያ ድንበር ነርሷ የጠየቀችው ጥያቄ ነው፤ ማንኛችንም በእናታችን ወይም በአባታችን አልጋ አጠገብ ቆመን ልንመልሰው የምንችለው፣ ከማንም ሐኪም አስቀድመን የምናውቀው ጥያቄ፦ «መቼ ጀመራቸው?» መልሱ «ትናንት» ከሆነ አንፈር፤ ጮክ ብለን እንናገር፤ ተስፋ ያለበት መልስ እርሱ ነውና።